ክፍተት ያገኘ ይደውል

ማሩ ሰሊጡን አሳጭዶ ከሽንፋ ሲመለስ መንገድ ላይ ታገተ። አጋቾቹ ከመኪናው ያወረዱት ስሙን ጠርተው ነው። የማሳውን ስፋት፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ የሚስቱን ስልክ ሳይቀር ያውቁ ነበር። ቤተሰቡ ሽማግሌ ሲልክና ሲለምን ሰነበተ። በመጨረሻ አስከሬኑ ወንዝ ዳር ተገኘ።

ታናሽ ወንድሙ ሸጋው መተማ ዮሐንስ ላይ ኮምፒውተር የሚያስተምር መምህር ነው። ከቀብሩ በኋላ እህል አልወርድለት አለ። ተቀመጠም ተነሣም የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ማን ነገራቸው?

ረፊቃን ለመጠርጠር ጊዜ አልፈጀበትም። ረፊቃ በጉምሩኩ መንገድ ስልክ የምትጠግን፣ ወረቀትም የምታትም ሴት ናት። የሰሊጥ አምራቾች መመዝገቢያ ድረ ገጽ ሲከፈት፣ ኢንተርኔት ለማያውቀው ገበሬ ስሙን፣ የእሱንና የሚስቱን ስልክ፣ የማሳውን ቦታና ስፋት፣ የመኪናውንም ሰሌዳ የምትሞላለት እሷ ነበረች። የማሩንም የሞላችው እሷው ናት።

ነገሩን ያከበደባት ደግሞ የማሩ ሚስት ታይቱ ናት።

«ከመሄዱ በፊት እቤት መጥታ ነበር» አለች። «'ማሩ፣ ባስመዘገብካት መኪና አትሂድ፤ በሰው መኪና ተሳፈር' አለችው። ሳቀባት። ምን አውቃ ነው እንዲያ ያለችው?»

አብደራፊ የሚያርሰው የማሩ ወዳጅ ደሞዝ ለልቅሶ መጥቶ ይህን ሰማ።

«እኔንማ ክረምት ላይ አልመዘግብህም ብላ ከሱቋ መለሰችኝ» አለ። «ምክንያቷን ብጠይቃት ወደ ሥራዋ ዞረች። ሄጄ ሌላ ቦታ ተመዘገብኩ።»

ጎረቤቶቿም የሚሉት አላጡም። ረፊቃ ሰሞኑን ስልክ ስትደውል ከሱቋ ወጥታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። አንዳንዴ ስታለቅስም ታይታለች።

ሸጋውና ረፊቃ በአንድ ክፍል የተማሩ ናቸው። ሱቋ ሲገባ ብቻውን አልነበረም፤ የማሩ ወዳጆች ከኋላው በሩን ሞልተውት ነበር።

«ማሩ መንገድ ላይ እንደሚጠበቅ በምን አወቅሽ?»

«ሸጋው፣ ወላሂ፣ ማሩ ለእኔም ወንድሜ ነበር።»

«የጠየቅኩሽን መልሺ።»

ረፊቃ የምትጠግነውን ስልክ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። 

«አሁን ልናገር አልችልም። ብናገር ሌላም ሰው ይሞታል። ትንሽ ታገሠኝ።»

ከኋላው የቆሙት ከዚህ በላይ መስማት አልፈለጉም። መስታወቱ ረገፈ፤ ማተሚያው መንገድ ላይ ተወርውሮ ተሰባበረ። ሸጋው እጁን አላነሣባትም። «ተዉ» የሚል ቃልም ግን ከአፉ አልወጣም።

በማግስቱ ረፊቃ አንድ ሻንጣ ይዛ ወደ ሱዳኗ ገላባት ተሻገረች። ከድልድዩ ማዶ ጦርነት ነው። ሰው ከዚያ ወደዚህ ሲሸሽ እሷ ወደዚያ ሄደች። ሸጋው ቆሞ አያት፤ ልቡ ትንሽ ቀለል አለው።

ብዙም ሳይቆይ ደሞዝ ታገተ። እሱንም ስሙን ጠርተው ነው ያወረዱት።

«አሁንም ከማዶ ሆና ትሠራለች ማለት ነው» አለ ሸጋው፣ ጥርሱን ነክሶ።

ቢያንስ የወንድሙን ስም ከዚያ ድረ ገጽ ላስጠፋ ብሎ የማሩን ገጽ በታይቱ ስልክ ከፈተ። በአድራሻው መጨረሻ ላይ ቁጥር አለ። በመምህርነት ልማዱ የመጨረሻዋን አሐዝ ቀየራት። የማያውቀው ገበሬ ገጽ፣ ከነስልኩ፣ ከነማሳው፣ ያለምንም የይለፍ ቃል ወለል ብሎ ተከፈተ። ደግሞ ቀየረ። ሌላ ሰው መጣ። ጥቂት እንደቆየ የደሞዝ ስም ፊቱ ላይ ድቅን አለ።

«ለካ የሸጠችው ይህን ነው!» አለ ጮክ ብሎ።

ለድረ ገጹ ባለቤቶች ሊነግር ፈለገ። «አግኙን» የሚለው ገጽ ላይ ያለው ስልክ አይሠራም። ቆይቶ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ለተማሪዎቹ የሚያስተምረው ነው። ድረ ገጾች የደኅንነት ተጠሪያቸውን የሚያስቀምጡበት የተለመደ ቦታ አለ። አድራሻውን ጻፈና ገባ። ጌጥ የሌለው ነጭ ገጽ መጣ፦ «የደኅንነት ክፍተት ያገኘ ይደውልልን። እስክንዘጋው ድረስ ግን በሰው ላይ ጉዳት እንዳይደርስ ለማንም አይናገር።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ሸጋው ጽሑፉን በጥድፊያ አልፎ ቁጥሩን መታ።

የሰለቸው የወንድ ድምፅ አነሣው።

«ድረ ገጻችሁ ክፍት ነው» አለ ሸጋው። «ቁጥር በመቀየር ብቻ የሰው ሁሉ መረጃ ይታያል።»

«እናውቃለን። በቅርቡ ይስተካከላል።»

«ታውቃላችሁ? ሰው እያለቀበት እኮ ነው! እኔ ወንድሜን ቀብሬያለሁ!»

 የሰውዬው ድምፅ ተለወጠ።

«ከየት ነው የሚደውሉት?»

«ከመተማ። ለአጋቾች የሸጠችውንም አውቃታለሁ። ረፊቃ ትባላለች።»

«ረፊቃ? እሷማ 'ሰው ሳይሞት ዝጉት' እያለች ክረምቱን ሙሉ ስትለምነን የነበረችው ናት፤ ሰሞኑን ድምጿ ጠፋብን፣ ደህና ናት?»