ግጭቱ የጠፋው ግድግዳ

«አንዱን ግድግዳ ለሙከራ ብዬ ግጭቱን አጥፍቼው ነበር» አለኝ ወንድሜ፣ ወንበሩ ላይ እየተወዛወዘ።

ደሜ ፈላ። በምንሠራው ጌም ውስጥ ግጭቱ የጠፋ ግድግዳ ለዓይን ይታያል እንጂ ምንም አያግድም፤ ሰውም ጥይትም ሰተት ብሎ ያልፋል። ጌሙን ደግሞ ነገ እናስረክባለን።

«የቱን?»

«እሱን እንኳ ረሳሁት፣ እህት ዓለም።»

ጥርሴን ነክሼ ተጫዋቹን ከክፍል ክፍል እያስሮጥኩ ከግድግዳዎቹ ጋር አላተምኩት። ሁሉም አገዱት። ደግሜ ዞርኩ፤ አሁንም ሁሉም አገዱት።

«ታዲያ የቱን ነው ያጠፋኸው፣ አንተ ዝርክርክ!»

ማውሱን ከኮምፒውተሩ መንጭቄ ወረወርኩበት። ጎንበስ ብሎ አመለጠ። ማውሱ ከኋላው ካለው ግድግዳ ጋር ሲላተም ልሰማ ጠበቅኩ፤ ድምፅ የለም። ማውሱ ወለሉ ላይም የለም።

«ምን ዓይነት ባለጌዎች ናችሁ!» ብላ ጮኸች ከግድግዳው ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ። «ልትፈነክቱኝ ነው?»

ወንድሜ መወዛወዙን ተወ።

«እንኩ፣ ዕቃችሁን ውሰዱ!»

ማውሱን የያዘው እጇ ከግድግዳው ውስጥ እስከ ክርኗ ድረስ ወጣ። እጅጌዋ ላይ ነጭ ክር ተጣብቋል።

«ተቀበሉኝ እንጂ፣ እጄ ዛለ!»