አንዲትም እንዳትሰርዝ

ሊባን ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሐቢባ ሻይ የምታቀርብለት ትንፋሿን ይዛ ነው። አርብ ኮበር ከተማ ወርዶ ለአለቃው ሃሙር የሚባለውን ዓሣ ይገዛል፤ ቅዳሜ ጠዋት በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣለታል። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ደመወዙን በልቶ ዝም ሲል እሱ ግን ዓሣ ተሸክሞ ይመጣል። ሽታው ቢለቅም ይህ ማሽቃበጡ አይለቅም።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2005 ነው። ቢሮው ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ፣ አል ፈይሰሊያ ሰፈር ውስጥ ያለ የቤት ሠራተኛ አስመጪ ሲሆን ባለቤቱ አቡ ናይፍ ይባላል። የደሴዋ ሐቢባ ሻይ ታፈላለች፣ ወለል ትወለውላለች፣ አዲስ የሚመጡትን ሴቶች ትቀበላለች። የድሬዳዋው ሊባን ኮምፒዩተሩን ይዟል። በቢሮው ካሜራ አዲሶቹን ፎቶ የሚያነሳም እሱ ነው። አርብ ለእረፍት ሲወጣ ካሜራውን ይዞት ይሄዳል። የሴቶቹን ፎቶ ቤቱ ወስዶ ምን እንደሚያደርገው ሐቢባ ማሰብም ይቀፋታል።

ደላሎች የሚልኩት ሁሉ በኢሜይል ይመጣል፤ የልጆቹ ፎቶ፣ የፓስፖርታቸው ቅጂ፣ ሳዑዲ ያለ ዘመድ ስልክ። ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ ይጠራቀማል። አቡ ናይፍ ምሳውን እየበላ ያንን ፎልደር ማስከፈት ይወዳል። ቅባት በነካው ጣቱ ስክሪኑ ላይ የልጆቹን ፊት እየነካካ፣ «ይቺ ጠቁራለች። የዚችን ጥርስ እይ» ይላል። ሲጨርስ ሊባን ተነስቶ ቅባቱን በገዛ መሐረቡ ይጠርጋል። ሐቢባ ይህን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። አለቃውስ አለቃ ነው፤ የአገር ልጅ እንዴት የሱን ቅባት ይጠርጋል?

«አቡ ናይፍ፣ ፎልደሩ አብጧል» ይላል ሊባን በየሳምንቱ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ይሄ ፕሮግራም ሁለት ጊጋ ሲሞላ ይበላሻል፣ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የድሮ የድሮውን ልሰርዝ፣ ወይ ከፋፍዬ ላስቀምጠው።»

«ላ! አንዲትም እንዳትሰርዝ። እሮብ እሮብ ዲስክህ ላይ ቅዳው፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

«እነዚህ የዓሣ ፎቶዎችስ? በጣም ከባድ ናቸው።»

ከረመዳን ወዲህ አንድ ሰው የዓሣ ፎቶ በላይ በላዩ ይልክላቸው ነበር። ለመከፈት እንኳ ጊዜ የሚፈጅ ትልልቅ ፎቶ ነው። ጠርዙ የተሰነጠቀ ሰማያዊ ሳፋ ላይ ሃሙር አፉን ከፍቶ ተጋድሟል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሃሙር በዚያው ሳፋ ላይ።

አቡ ናይፍ ይስቃል። «ያ ዓሣ የሚሸጥልህ ነጋዴ ነው። ደንበኛ መሆኔን አውቆ ነው። ተወው፣ መርጬ አዝዘዋለሁ።»

ሐቢባ ሊባንን መጥላት ብቻ ሳይሆን ትፈራውም ነበር። ታናሽ እህቷ ሰዳ በዚሁ ቢሮ በኩል መጥታ አል ነኺል ሰፈር አንድ ቪላ ገብታ ነበር። ማዳሟ የፈላ ውሃ ስትደፋባት ጠፍታ ወጣች፤ አሁን ሐቢባ ክፍል ተደብቃለች። አቡ ናይፍ እህትማማች መሆናቸውን አያውቅም። ፎልደሩ ውስጥ ባለው የሰዳ ፎርም ላይ ግን በዘመድ ስልክ ቦታ የተጻፈው የሐቢባ ቁጥር ነው።

አንድ ቀን ሊባን ያንን ፎርም ከፍቶ አየችው። ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ፣ ዘጋው። እንዲህ ያለ ሰው ምስጢር የሚይዘው እስኪጠቅመው ነው አለች በልቧ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሱን ብርጭቆ ማጠብ ተወች።

ማክሰኞ አቡ ናይፍ እየተቆጣ ገባ። ሠራተኛ የጠፋባቸው ደንበኞች ምትክ አምጣ እያሉ ይዘውታል። «ቅዳሜ የጠፉትን ሁሉ አንድ በአንድ ታወጣልኛለህ። ዘመዶቻቸው ጋ እንደውላለን። የደበቋቸውንም አብረን እናስይዛለን።»

«ሃዲር፣ እሺ» አለ ሊባን።

ሐቢባ ሻይ ይዛ ጠጋ አለችው። «ሊባን፣ ወንድሜ፣ በአላህ ይዤሃለሁ። የአንዷን ብቻ ሰርዝልኝ።»

«አንዲትም እንዳትሰርዝ ተብያለሁ» አላት፣ አለቃው እንዲሰማ ጮክ ብሎ።

ብርጭቆውን ይዛ ጓዳ ተመለሰች። ምራቋን እንትፍ አለችበትና መልሳ አቀረበችለት። ጠጣው።

እሮብ ጠዋት እንደገና የዓሣ ፎቶ ገባ፤ ፎልደሩም አልከፈት አለ። አቡ ናይፍ ፊቱ ገረጣ።

«ቅዳው! አሁኑኑ ዲስኩ ላይ ቅዳው!»

«የተበላሸውን? እዚያ ያለፈው ሳምንት ደኅናው አለ።»

«ሳይብስ ቅዳ አልኩህ!»

ሊባን እንደታዘዘው ቀዳ። የተበላሸው ደኅናውን አጠፋው።

ቅዳሜ ከኮበር የተጠራ ባለሙያ ሲነካካ ዋለና፣ «ማፊ ፋይዳ፣ አይድንም» ብሎ ተነሳ። የፎርሞቹን የወረቀት ቅጂ ደግሞ አቡ ናይፍ ራሱ ቦታ ያጣብባል ብሎ ካስጣለው ቆይቷል።

«ነግሬህ ነበር» አለ ሊባን በትሕትና።

«ኹሩጅ! አገርህ ትገባለህ!»

ሐቢባ ጓዳ ገብታ አልሐምዱሊላህ አለች። አላህ የአንዱን ስግብግብነትና የሌላውን አሽቃባጭነት አጋጭቶ እህቷን አተረፈላት። ሊባንም የእጁን አገኘ። ዓሣው አላዳነውም።

«እህቴ ሐቢባ» አላት ሊባን ዕቃውን እየሰበሰበ። «አንድ ሻይ ስጪኝና ልሂድ። ዛሬ እንኳ በታጠበ ብርጭቆ ይሁን።»

ፊቷ ጋለ። ብርጭቆውን አጥባ ሻዩን ይዛለት ስትመጣ፣ የቢሮውን ካሜራ ከማስረከቡ በፊት ፎቶዎቹን እየሰረዘ ነበር። የሴቶቹን ነው ብላ፣ እየተጸየፈች አንገቷን አስግጋ በትከሻው ላይ የካሜራውን ስክሪን አየች።

ጠርዙ በተሰነጠቀው ሰማያዊ ሳፋ ላይ ሃሙሩ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል።