የጽድ ሳጥኑ

ከአሥራ አንድ ዓመት የሶማሊያ እስር በኋላ ቤቱ የገባው ወታደር ቁጭ በል ቢባልም አልተቀመጠም።

«ተዝካሬን አውጥተሻል አሉኝ።»

«ዘመድ አስጨንቆኝ ነው» አለች ሚስቱ ትርንጎ። «እኔ መሞትህን አላመንኩም።»

«ድግሱን ማን ደገሰው ታዲያ?»

መልሷን ሳይጠብቅ ከአልጋው ሥር የጽድ ሳጥኑን ጎትቶ አወጣ። የኩባ ሲጋሮቹን ያስቀመጠበት ነው። ሲዘምት፣ «ስመለስ አጨሳቸዋለሁ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጥጥ በየሳምንቱ በውሃ ካላራስሽው ደርቀው ይፈረፈራሉ» ብሏት ነበር።

ክዳኑን ከፈተ። አንዱን ሲጋር አንስቶ፣ ዓይኗን እያየ፣ እንዲፈረፈርለት በሁለት ጣቶቹ ጨመቀው።

ሲጋሩ ስምጥ አለና ቀስ ብሎ ወደ ቅርጹ ተመለሰ።

ጥጡን ነካው። ውሃው ጣቱ ላይ ቀረ።