እዚሁ እንበላለን

«ቱ ጎ ታድርግልን፣ ይዘነው እንሂድ በያት» ይላል ባለቤቴ ሽፈራው፣ ዓሣው ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ።

አስተናጋጇ አማርኛ አትሰማም፤ ሳህኑን በመካከላችን አስቀምጣ፣ ፈገግ ብላ ትሄዳለች። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ ከቦርሳዬ የሚጥሚጣ ብልቃጤን አወጣለሁ። ሚጥሚጣ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም፤ የፈረንጅ ዓሣ ያለ እሱ የታማሚ ምግብ ነው። ከበረንዳው ሥር ላኒየር ሐይቅ ተዘርግቷል፤ የታሰሩት ጀልባዎች ቀስ እያሉ ይወዛወዛሉ።

ጠዋት ከቤታችን፣ ከሮዝዌል ስንነሣ ሰውዬው ደህና ነበር። የነዳሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ደረስን። ዕድሜውን ሙሉ ዳውንታውን የሰው መኪና ሲያቆም የኖረ ሰው፣ እዚህች የሐይቅ ዳር ከተማ መጥቶም የሚያየው ሱቁንና አበባውን ሳይሆን የመኪናውን አቋቋም ነው። «ይኼን ያቆመው ልጅ እኔ ጋ ቢቀጠር ውሎ አያድርም» እያለ አሳቀኝ። ባርኔጣ አስለካሁት፤ እንቢ አለ፤ ደግሞ ተመልሶ መስታወት ፊት ቆመ። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት ሽማግሌ ጋር ስለ አንድ የግድግዳ ሰዓት እስኪበቃው ተከራከረ። ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል፤ የሚያቻኩለን የለም። እንዲህ ያለ ቀን በወጣትነታችን አላገኘንም።

ነገር የመጣው ምሳ ሲደርስ ነው።

ከፋሲካ ወዲህ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ለሕመሙ ስምም መድኃኒትም ሰጥቶታል፤ ሽፈራው ግን ሰው ፊት መብላት አቁሟል። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻዲቅ ሲቀርብ «በልቻለሁ» ብሎ መኪና ውስጥ ይጠብቀኛል። ቅዳሴ በልቶ የሚሄድ ማን አለ? ሁሉም ውሸቱን ያውቃል፤ ማንም አይናገረውም። ሬስቶራንት ከገባንም ምግባችንን በፌስታል አንጠልጥለን እንወጣለን። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ላጎርሰው እጄን ብዘረጋ «እኔ ሕፃን አይደለሁም» ብሎ ተነሣ፤ ሰነበተ ሳያናግረኝ። እኔ ደግሞ ከዚህ ሰው ጋር ሰው መሀል ተቀምጬ መብላት ናፍቆኛል። ሌላ ምንም አላማረኝም።

አስተናጋጇ ትመለሳለች። ያልተነካውን ሳህን አይታ ምግቡን አልወደዳችሁትም ወይ፣ መውሰጃ ቦክስ ላምጣላችሁ ወይ ትለናለች።

«የስ፣ ፕሊስ» ይላል እሱ።

«ኖ ቦክስ» እላለሁ እኔ። «እዚሁ እንበላለን።»

ልጅቷ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። በባልና ሚስት መሀል አልገባም ያለች ይመስለኛል፣ ውሃችንን ሞልታ ትሄዳለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቀኝ እጁ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቱ ላይ ነው። «መኪና ውስጥ እንበላለን አላልኩሽም?»

«መኪና ውስጥ ለመብላት ነው ይኼን ሁሉ መንገድ የነዳሁት?»

«ሰው ያየኛል፣ ዘኑ።»

እንዲህ በግልጽ ብሎኝ አያውቅም። ላባብለው እልና እተወዋለሁ፤ ሲያባብሉት ይብስበታል። እልሄ ይመጣል።

«ሆቴል ሳጸዳ በረኪናው እጄን ልጦት፣ ወጥ መንካት ሲያቅተኝ ማን ነበር የሚያጎርሰኝ?»

በግራ እጁ የውሃ ብርጭቆውን ያሽከረክራል።

«በልጃችን ክርስትና፣ ያ ሁሉ እንግዳ እያየ፣ ማን ነበር?»

«እኔ» ይላል ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ያን ጊዜ እኔ ሕፃን ነበርኩ?»

ዓይኑን ወደ ሐይቁ ይመልሳል። እኔም ዓሣው ላይ ሚጥሚጣዬን ነስንሼ፣ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አድርጌ፣ አፌን እከፍታለሁ።

«ምንድን ነው?»

«አጉርሰኝ። ርቦኛል።»

«ኧረ ዘነበወርቅ፣ ሰው ያያል!»

«ቢያይስ?» ብዬ እንደገና እከፍታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው አገር፣ እንደ ወፍ ጫጩት አፌን ከፍቼ መቀመጤ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ይሳቃ።

ሽፈራው ግራ ቀኙን ያያል። ጉርሻ የለመነውን ሰው ግን መልሶ አያውቅም፤ አባቱም እንደዚያው ነበሩ። እጁን ከጠረጴዛው ሥር ያወጣል። ዓሣውን ይቆርሳል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሚጥሚጣው ጠረጴዛው ላይ ይረግፋል። አንገቴን አስግጌ እጁ ወደ ሄደበት እሄዳለሁ። ግማሹ አፌ ይገባል፣ ግማሹ ደረቴ ላይ ይወድቃል። ከጎናችን የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው አይተውን ወደ ሰላጣቸው ይመለሳሉ። ሌላ ምንም አልሆነም።

«ልብስሽን አበላሸሁት» ይላል።

«ይታጠባል።»

ደረቴን ያያል፤ ፊቴን ያያል። ከንፈሩ ዳር ላይ ሳቅ ቢጤ ይመጣል።

«አንድ ያጣላል» ይልና እንደገና ይቆርሳል።

ሁለተኛው ጎላ ያለ ነው። በዝግታ፣ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ሙሉውን ይገባል። ዓይኔ እንባ ያቀርራል፤ በሚጥሚጣው አላሳብብም፣ ደስ ብሎኝ ነው።

ሦስተኛውን ሲያነሣ እንደለመድኩት አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ሽፈራው ለካ ርቦት ኖሯል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ወደ ራሱ አፍ ይዞት ይሄዳል።