የሰፋው ዒላማ

ማሽኑ ሲዋሽ ነው የከረመው።

ያወቀችው በአጋጣሚ ነው። አነጣጥራ ቃታውን ልትስብ ስትል ሳል አጣደፋት፤ የመለማመጃ ጠመንጃው አፈሙዝ ተነቃነቀና ቀይዋ ነጥብ ስክሪኑ ላይ ከቆመው ጠላት ራስ በላይ፣ ዛፉ ላይ አረፈች። ሰውዬው ግን ወደቀ። ማሽኑም «ግሩም ተኩስ» አላት።

ሆን ብላ ዛፉን ደገመችው። ሌላው ሰውዬም ወደቀ።

ግንባር ላይ ለልምምድ የሚባክን ጥይት የለም። የወታደሩ እጅ እንዳይዶለዱም ተብሎ ይህ ማሽን በኮንቴይነር ተጭኖ ከመጣ ወዲህ እሱ ላይ አንድም ቀን ስታ አታውቅም። ጓዶቿ «አይስቴ» ያሏት፣ አለቆቿም ለቃኚዎች ሽፋን ሰጪ ያደረጓት በዚሁ ውጤት ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ እውነተኛው ኮረብታ ላይ፣ ደጋግማ ተኩሳ ሁሉንም ሳተች። የጠላት መትረየስ ዝም አላለም። ሬዲዮ ተሸካሚው፣ ያ ቀልደኛው ጓደኛዋ፣ አንድ እግሩን እዚያው ትቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እጇን እንደ ሌባ እጅ ነው የምትጠብቀው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ዛፍ ነው የመታሁት።»

አሰልጣኙ ከኮምፒውተሩ ቀና አላለም። «አይቻለሁ፣ እህቴ።»

«ታዲያ ሰውዬው ለምን ወደቀ?»

«ዒላማውን ትንሽ ሰፋ አድርጌው ነው።» ፊቱን በመዳፉ አበሰ። «ሞራላችሁ ተንኮታኩቶ ነበር። ከላይ ደግሞ ውጤት አምጣ ይሉኛል። ሰው ልቡ ከሞላ እጁ አያንስም ብዬ ነው።»

«ከኮረብታው የተመለስኩ ቀን እርስዎ ዘንድ መጥቼ አልቅሻለሁ።»

«አስታውሳለሁ።»

«‘እጅሽ ፈርቶ ነው፣ ተለማመጂ’ አልከኝ። እዚሁ፣ በዚሁ ማሽን።»

አንቱታው ከአፏ ሲወድቅ ሁለቱም ሰሙት።

«አሁኑኑ መልሼ አጠብበዋለሁ» አለ አሰልጣኙ። «አንድ ቁልፍ መንካት ነው። በመሃላችን ይቅር።»

«ነገ ጠዋት የሚወጡትስ? ውጭ ተሰልፈው ተራ እየጠበቁ ነው።»

«ዛሬ ብትነግሪያቸው ወኔያቸው ይሰለባል። ይውጡና ሲመለሱ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«ለተመለሰው።»

ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችና የኮንቴይነሩን በር ገፋችው። ብርሃኑ ዓይኗን ወጋው። ልጆቹ ጥላ ተሻምተው ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ አንዱ የሌላውን ቆብ ነጥቆ ይስቃል።

«አይስቴ፣ ዛሬስ ስንቱን ፈጀሽው?» አለ ከፊት ያለው። «ለኛም አታስተርፊልንም እንዴ?»

«እህቴ» አለ አሰልጣኙ ከውስጥ፣ በለሆሳስ።

«አንድም» አለች ለልጁ። «እናንተም አንድም መታችሁ አታውቁም።»

ሳቁ ቆመ። የብረቱን በር በአሰልጣኙ ላይ ዘጋችው።