አንድ ክፍል በነፃ

ለዘንድሮው በዓል ስጦታ አይገዛም የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ቀለም ቀቢው ነው። ገበያው እሳት ሆኗል፤ አምና የተገዛውም ሁሉ ወር ሳይሞላው ተሰባብሯል።

«እያንዳንዳችን የእጃችንን ሙያ በወረቀት ጽፈን እንስጥ» አለ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናትና ለአማቷ ቀሚስ ጻፈች። እሱ ደግሞ ለእናቱ «አንድ ክፍል በነፃ እቀባለሁ» ብሎ እንደ ልማዱ ስልክ ቁጥሩን ከሥር ጻፈ።

እናትየው አንብባ ሳቀች። «ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አብረን እየኖርን ስልክህ ምን ይሠራልኛል?»

«ሥራ ሥራ ነው፣ እማዬ። የክፍልሽ ግድግዳ ተላልጧል፤ ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።»

«እጅህ ይባረክ» ብላ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወር አለፈ፤ ቀን አልነገረችውም። አንድ ጠዋት የማያውቃቸው ሴትዮ ደወሉ።

«ክፍል በነፃ የሚቀባበት ወረቀት ይዣለሁ» አሉት።

«ከየት አገኙት?»

«ከአንዲት ደግ ሴት።»

ስልኩን ዘግቶ ባለበት ቆመ። ሚስቱ ለልጃቸው መጋረጃ እየሰፋች ነበር፤ ስድስት ዓመት ስለሞላው የራሱ ክፍል ይኑረው ከተባባሉ ሰንብተዋል።

«እማዬ ስጦታዬን ለባዳ ሰጠችው» አላት።

«ሸጣው እንዳይሆን» አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ለማንኛውም ሂድ፤ ስልክህ አለበት።»

እናቱን አልጠየቃትም። ቁርስ ላይ ግን ቀና ብሎ አላያትም። እሷም ሻዩን ቀድታለት ወደ ክፍሏ ገባች።

የሚቀባው ክፍል አንድ ግቢ ጓሮ ውስጥ ነው፤ መስኮቱ ከጎረቤት ግንብ ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጧል። ቀለም ቀቢው የተላጠውን ፋቀ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈነ። ለእናቱ ቢሆን ሁለት እጅ ይቀባ ነበር። እዚህ ቀለሙን በውሃ አቅጥኖ አንድ እጅ ብቻ አስኬደው። የረጠበውንም ጥግ እንደረጠበ ቀባው።

«እዚያ ጥግ እኮ አልጋ ነው የሚገባው፣ ልጄ» አሉት የደወሉለት ሴትዮ፣ የግቢው ባለቤት።

«በነፃ ለተገኘ ይኼም ምርቃት ነው፣ እናቴ።»

ብሩሹን እያጠበ ጠየቃቸው።

«ለመሆኑ ወረቀቱን በስንት ሸጠችልዎት?»

«ኧረ ምን ሸጠችልኝ፤ ክፍሉን ልትከራይ ስትመጣ አርጅቷል፣ ለማስቀባትም አቅም የለኝ ብላት አውጥታ ሰጠችኝ እንጂ» አሉ። «ነገ ዕቃዋን ይዛ ትገባለች።»