አሥረኛው ትንፋሽ

ዋሸህ ብትሉኝም ልንገራችሁ። ግልፍተኛው ጎረቤቴ፣ ሚስቱ አኩርፋ እናቷ ቤት ከገባች ወዲህ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሽ ይቆጥራል። ሽማግሌዎቹ፣ «እሁድ ትመጣለች፤ ረጋ ብለህ ጠብቃት» ብለውታል።

በስልኩ የሚያስተምረው ሰውዬ፣ «እስከ አሥር ቁጠር፤ ድምፅ ከሰማህ ‹ድምፅ ነው› ብለህ እለፈው» ይላል። ምኑ ይታለፋል! ሦስት ላይ አፍንጫውን ይበላዋል። አራት ላይ እግሩ ይደነዝዛል። አምስት ላይ ሐሳቡ ሞጆ ደርሶ ጥሬ ሥጋ ያዛል። ስድስት ላይ ያንኮራፋል።

«ወይኔ! የገዛ ትንፋሼ እንኳን አይታዘዘኝም?» እያለ ትራሱን በቡጢ ይነርተዋል።

እሁድ ማንም እንዳይረብሸው በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ተቀመጠ። ተአምር ነው፣ ስድስትን አለፈ።

ኳ ኳ ኳ።

«ድምፅ ነው» አለ በልቡ። ሰባት።

«አንተ፣ እኔ ነኝ! ክፈትልኝ እንጂ!»

ድምፅ ነው። ስምንት።

«አሁንም አልበረደልህም ማለት ነው? እሺ፣ ይሁን!»

ድምፅ ነው። ዘጠኝ።

አንድ ብረት ነገር ወለሉ ላይ ቅጭል አለ። ድምፅ ነው።

አሥር!

ከደስታው ብዛት ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። «አሁን ትምጣ!» ብሎ በሩን ሊከፍትላት ሲሮጥ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ የገባውን የሚስቱን የቤት ቁልፍ ረገጠ።